ለማን ተነገረ?

አንዲት ነርስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ገባች እንበል። አልጋው ላይ ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው ተቀምጧል። ነቅቷል፣ ፊቱንም ታጥቧል። ከጎኑ አስታማሚው፣ የእህቱ ልጅ፣ ፌስታል እያጣጠፈ ነው። ነርሷ ፈገግ ብላ ልጁን ታየዋለች። "ዛሬ እንዴት አደረ? ተኛ? መድኃኒቱን ዋጠ?" ልጁ "ደህና አድሯል፣ ውጧል" ይላል። "ጎበዝ" ትላለች፤ ካርዱ ላይ ትጽፍና ወደሚቀጥለው አልጋ ታልፋለች። ቢበዛ ሃያ ሰከንድ ነው።

ይሄ ሃያ ሰከንድ ጥሩ ነው መጥፎ? ቁጥር ስጡት ብትባሉ ስንት ትሰጡታላችሁ?

ጥያቄውን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም። የአእምሮ ጤና ነርስ የሆነች ጓደኛዬ ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቷ የሚሆን አፕ እንድሠራላት ጠይቃኝ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ታዛቢ ታብሌት ይዞ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ጥግ ላይ ይቀመጣል። ሠራተኛ ታካሚን ባናገረ ቁጥር፣ በነካ ቁጥር፣ አልፎት በሄደ ቁጥር ታዛቢው ከአምስት ምልክቶች አንዱን ይጫናል። ማታ ዳታው ሰርቨር ላይ ይገባል፣ ግራፍ ይወጣል። ለእኔ የሁለት ቅዳሜና እሁድ ሥራ ነበር። ኮዱን ማንም ጀማሪ ይጽፈዋል። አምስቱ ምልክቶች ግን እስካሁን አልለቀቁኝም።

ምልክቶቹ የእንግሊዝ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1993 ዲን፣ ፕራውድፉት እና ሊንደሴ የተባሉ ተመራማሪዎች የአእምሮ ሕመም ያለባቸው አረጋውያን የሚኖሩባቸውን ሁለት መኖሪያዎች ለመገምገም የሠሩት መለኪያ ነው። ባጭሩ "ኩዊስ" ይሉታል። እያንዳንዱን ግንኙነት ከአምስት ሳጥኖች ወደ አንዱ ይከታል። ሠራተኛው ሥራው ከሚጠይቀው አልፎ እንደ ሰው ከተጫወተ "አዎንታዊ ማኅበራዊ" ይባላል። ሥራው ራሱ በደግነት ከተሠራ፣ መርፌውን ሲወጉ "አሁን ትንሽ ያምሃል፣ አብሽር" ከተባለ፣ "አዎንታዊ እንክብካቤ" ነው። ትሪ አስቀምጦ መሄድ "ገለልተኛ" ነው። አራተኛው ለደኅንነት ተብሎ ያለ ማብራሪያ የሚደረግ ነው፤ "ተው! ተቀመጥ! ትወድቃለህ!" ዓይነት። አምስተኛው በቂ ምክንያት ሳይኖር መከልከል፣ ማዋረድ፣ ችላ ማለት ነው።

መጀመሪያ ሳየው ወደድኩት። እውነቴን ነው። ሆስፒታል ውስጥ አልጋ ይቆጠራል፣ የቆይታ ቀን ይቆጠራል፣ ኪኒን ይቆጠራል፣ ተመልሶ የገባ ታካሚ ይቆጠራል። ንግግር የሚቆጥር የለም። ያልተቆጠረ ነገር ደግሞ በጀት ሲመደብ አይታሰብም፤ ይሄን ለማወቅ ጤና ሚኒስቴር መሥራት አያስፈልግም፣ የትኛውም ቢሮ አንድ ዓመት መቀመጥ ይበቃል።

ችግሩ የሚጀምረው ሁለት ታዛቢ ስታስቀምጡ ነው። ያንን "ጎበዝ" አስቡት። አንዱ ታዛቢ ለታካሚው የተባለ ይመስለዋል፣ ሌላው ለልጁ። ስታቲስቲክስ ለዚህ መድኃኒት አለው፤ ጄኮብ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣው "ካፓ" የሚባል ቁጥር። ሁለት ሰዎች ስንት ጊዜ እንደተስማሙ ብቻ ሳይሆን፣ እንዲሁ በግምት ቢጫኑስ ስንት ጊዜ ይስማሙ ነበር የሚለውን ይቀንሳል። ምሳሌ ልስጥ። ሁለት ታዛቢዎች ከመቶው ግንኙነት ሰማንያውን "ገለልተኛ"፣ ሃያውን "አዎንታዊ" ይላሉ እንበል። ዓይናቸውን ጨፍነው ቢጫኑ እንኳ 68 ጊዜ ይስማማሉ። እና 80 ጊዜ ተስማማን ብለው ቢመጡ ሊቃውንቱ አይደነቁም፤ ካፓው 0.375 ነው፣ ደካማ። ብዙው ነገር "ገለልተኛ" በሆነበት ክፍል መስማማት ርካሽ ነው። የማይስማሙት ደግሞ ሁሌም እዚያችው ቦታ ላይ ነው፤ ደግነት ነበረ ወይስ አልነበረም በምትባለዋ።

ይሄ የመጀመሪያው ሙከራ አይደለም። ስለ ሠራተኛና ታካሚ ግንኙነት በዓለም ላይ በጣም የታወቁት ቁጥሮች የመጡት ከአሜሪካ ነው። ዴቪድ ሮዘንሃን የተባለ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ1973 "ሳይንስ" መጽሔት ላይ ጤነኛ ሰዎችን ድምፅ ይሰማናል አስብሎ ወደ አእምሮ ሆስፒታሎች እንዳስገባ ጻፈ። ገብተው ቆጠሩ። ረዳት ሠራተኞቹ በመስታወት ከታጠረችው ክፍላቸው ውጭ የሚያሳልፉት ጊዜ በአማካይ 11.3 በመቶ ነበር ይላል። ታካሚ መስለው ሐኪሙን በትሕትና "ወደ ግቢ መውጣት የሚፈቀድልኝ መቼ ነው?" ብለው ሲጠይቁ 71 በመቶው ጊዜ ሐኪሙ ፊቱን አዙሮ ያልፋል። ቆሞ ያወራው 4 በመቶ ጊዜ ነው። ነርሶቹና ረዳቶቹ 88 በመቶ ጊዜ ፊት አዙረው አለፉ።

ቁጥሮቹ ያማሉ። ለሃምሳ ዓመት ያህል በመማሪያ መጻሕፍት ሲጠቀሱ ኖረዋል። ከዚያ ሱዛና ካሃላን የተባለች ጋዜጠኛ፣ ራሷ በአንጎል ሕመም ምክንያት እንደ አእምሮ ታማሚ ታይታ የነበረች፣ የሮዘንሃንን ወረቀቶች ይዛ ሰዎቹን ፍለጋ ወጣች። ከስምንቱ "ታካሚዎች" አብዛኞቹን ጨርሶ ማግኘት አልቻለችም፤ የጽሑፉ ዝርዝርም ከሰነዶቹ ጋር በብዙ ቦታ እንደማይገጥም እ.ኤ.አ. በ2019 አሳየች። የሚገርመኝ ነገር ምን መሰላችሁ፦ ሰዎች ለሮዘንሃን ቁጥሮች ያላቸው እምነት ከካፓ አልመጣም። በሆስፒታል ኮሪደር ቆሞ ፊት የዞረበት ሰው ሁሉ 71 በመቶ ሲባል "አዎ" ስለሚል ነው። ይሄ ደግሞ ለመለኪያ አደገኛ ነገር ነው፤ የምናውቀውን ስለነገረን ብቻ አመንነው።

ወደ እኛ ልምጣ። አማኑኤል ሆስፒታል የተጀመረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው፤ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ስሙ ሰፈር ውስጥ ቀልድና ስድብ እስከመሆን ደርሷል፤ "አማኑኤል ይወሰድ" ያላለ ወይም ያልተባለ አንባቢ ካለ እጁን ያውጣ። ዛሬ የአእምሮ ሕክምና በየክልሉ ሆስፒታሎች ተበትኗል፣ ደሴንም ጨምሮ። አገልግሎቱን በትከሻቸው የተሸከሙት በአብዛኛው ነርሶች ናቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ያ ማለት በእኔ ዕድሜ ውስጥ ማለት ነው።

ጤና ሚኒስቴር ስለ መስተጋብር ዝም አላለም። ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው የለውጥ ዕቅድ ውስጥ ከዋና ዋናዎቹ አጀንዳዎች አንዱ "ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ" የጤና ባለሙያ ማፍራት ነበር። ፖስተሩን በየጤና ጣቢያው አይታችሁት ይሆናል። ሐሳቡን አልነቅፍም። ግን ሦስት ቅጽል ነው፣ ግስ የለውም። ምን ሲደረግ ነው ሩኅሩኅ የሚባለው? ለማን?

እዚህ ላይ ነው የእንግሊዙ መለኪያ የእኛን ክፍል የማያውቀው። ኩዊስ ሲሠራ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው አለ ብሎ ነው፤ ሠራተኛና ታካሚ። እኛ ጋ ሦስተኛ አለ፤ አስታማሚ። ምግብ የሚያመጣው፣ መድኃኒት ከውጭ የሚገዛው፣ ሌሊት መሬት ላይ ካርቶን አንጥፎ የሚተኛው እሱ ነው። ያለ እሱ ሆስፒታሉ አንድ ቀን አያድርም። ስለዚህ ሠራተኛው ወሬውን ከእሱ ጋር ቢያደርግ ተፈጥሯዊ ነው። በኩዊስ ሕግ የመጀመሪያዋ ነርስ ምን ታገኛለች? ታካሚውን አልተናገረችም፣ ስለዚህ ምናልባት ጭራሽ አይመዘገብም። ወይም "ገለልተኛ"። ፈገግታዋን ያየ ታዛቢ "አዎንታዊ እንክብካቤ" ሊላት ይችላል። ሦስቱም ይሄን አልጋ ላይ የተቀመጠውን ሰው አልፈውታል።

አጎቴ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ሽንኩርት ያለማል። አርዲቦን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከታወቀው ከሐይቅ ከተማው ሐይቅ ከፍ ብሎ፣ ተራራ መሀል ያለ ነው፤ ትርፍ ውኃው ቁልቁል ወደ ታችኛው ሐይቅ ይወርዳል። ጎብኚው እስጢፋኖስ ገዳምን አይቶ ስለሚመለስ የላይኛው ብዙም አይወራለትም። አጎቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ታሞ ሃያ ሦስት ቀን ተኝቶ ታክሟል። ሆስፒታሉን አልጠራም፣ ጥሩ ሰዎች አሉበት። አፑን እየሠራሁ ሳለ ለዒድ ሄጄ ውኃው ዳር ተቀምጠን ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ። አምስቱን ሳጥኖች ነገርኩት። ሳቀ።

"አንተ ልጅ፣ መድኃኒቱ ጠቅሞኛል፣ አልዋሽም" አለኝ። "ሃያ ሦስት ቀን ግን 'እንዴት አደረ' ነው የተባልኩት። 'እንዴት አደሩ' ያለችኝ ጠራጊዋ ናት። መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ ታስደግፍና 'አባባ፣ እንዴት አደሩ? አሁን እዚያ አገርዎ ዓሣው ይወጣል?' ትለኛለች። ዓሣ አላጠምድም። ግን ይወጣል እላታለሁ።"

እንዲጻፍ ፈቅዷል፣ ስሜን ተወው ብሎ።

ጠራጊዋ በኩዊስ ትቆጠራለች ወይ? ትርጉሙ "ሠራተኛ" ይላል፤ በተግባር ግን ታዛቢዎች ዓይናቸው ነጭ ጋውን ላይ ነው። የጓደኛዬ የመጀመሪያ ዝርዝር ውስጥ ሐኪም፣ ነርስ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ እና "ሌላ" ነበር ያለው። አጎቴ በሃያ ሦስት ቀን ያገኘው "አዎንታዊ ማኅበራዊ" በሙሉ "ሌላ" ውስጥ ይገባ ነበር።

ያን ዕለት ማታ አንድ ነገር የገባኝ መሰለኝ። በአማርኛ ግሱ ራሱ ሰውየውን ይዞታል። አደርክ፣ አደርሽ፣ አደሩ፣ አደረ፣ አደረች። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ታዛቢ ከቃናና ከፊት የሚፈልገውን እኛ መጨረሻዋ ፊደል ላይ እናገኘዋለን። ሰውየው ተናገሩት ወይስ ስለ እሱ ተናገሩ? አንቱታ ሰጡት ወይስ አባት የሚሆነውን ሰው "አንተ" አሉት? ደግነት ነበረ አልነበረም ብሎ የሰው ልብ ውስጥ መግባት አያስፈልግም። ድምፅ ይቀዳል፣ ወደ ጽሑፍ ይቀየራል፣ ሞዴሉ ግሶችን ይቆጥራል። ታዛቢም አያስፈልግ፣ ካፓም አያስፈልግ። (ስለ ፈቃድና ስለ ግላዊ ምስጢር አሁን አትጠይቁኝ፤ ጓደኛዬ ጠይቃኛለች፣ ድምፅ ቀረጻው በዚያው ቀረ።)

ሐሳቡ በሁለት ቀን ፈረሰ። ቋንቋው ነው ያፈረሰው።

አንደኛ፣ "አንተ" ሁልጊዜ ንቀት አይደለም። እናታችንን አንቺ እንላለን፣ ፈጣሪንም አንተ እንላለን። ወሎ ውስጥ አንቱ መባል የሚያስቀይማቸው ሽማግሌዎች አሉ፤ "አራቅሽኝ" ይላሉ። ታካሚው ያለ ዕድሜው በአንቱታ ሲጠራ፣ በተለይ እንደዚያ ጠርቶት የማያውቅ ሰው ድንገት ሲጀምር፣ "እብድ ስለሆንኩ ፈሩኝ" ሊል ይችላል።

ሁለተኛው ይብሳል። አጎቴን ያስደሰተችውን ቃል ተመልከቷት። "እንዴት አደሩ?" ለእርስዎም ይሆናል፣ ለእሳቸውም ይሆናል። አንዲት ጨዋ ነርስ ልጁን እያየች "እንዴት አደሩ?" ብትል ስለ አባትየው ነው፤ አባትየውን እያየች ያንኑ ብትል ለአባትየው ነው። በጽሑፍ አንድ ናቸው፣ በድምፅም አንድ ናቸው። አማርኛ አክብሮት ሲጨምር ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሰው አንድ ያደርጋቸዋል። የትኛውም ሞዴል ከድምፅ ብቻ ሊለያቸው አይችልም። የሚለያቸው ነርሷ የምታየው ቦታ ነው፤ እሱን ደግሞ እዚያው ክፍል የተቀመጠ ሰው ነው የሚያየው።

ታዲያ ታካሚውን ራሱን ለምን አንጠይቅም? በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ይሄን አድርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ "ቮይስ" የሚባል መጠይቅ አለ፤ ጥያቄዎቹን ያወጡት ራሳቸው በአእምሮ ሕክምና ክፍል የታከሙ ሰዎች ከታከሙ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ነው። ይሄ ለእኔ ከኩዊስ ይበልጣል፤ ቢያንስ "ጥሩ" ማለት ምን እንደሆነ የወሰነው አልጋው ላይ የነበረው ሰው ነው።

ግን ደግሞ ይሉኝታ የሚባል ነገር አለን። አጎቴን ከሆስፒታል በሚወጣበት ቀን መጠይቅ ብትሰጡት ሁሉንም አምስት ከአምስት ይሞላል። ለምን ቢባል፣ አክመውኛል፣ ልጄን አላስቸገሩትም፣ ነገም ልመለስ እችላለሁ። "እንዴት ነበር?" "አልሐምዱሊላህ።" በዚህ መልስ ውስጥ ምስጋና አለ፣ ፍርሃት አለ፣ ጨዋነት አለ፤ ቁጥሩ ግን 5 ብቻ ነው። እውነቱን የነገረኝ ከዓመታት በኋላ፣ ውኃ ዳር፣ ማንም ሳይመዘግብ ነው። እኔን እንኳ ስለ ሥራዬ ባልነግረው አይነግረኝም ነበር።

ቡታጅራ ላይ የሆነውን እዚህ ላይ ማንሳት ይጠቅማል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ተጀምሮ በቡታጅራ አካባቢ በተካሄደው ትልቅ ጥናት ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ቤት ለቤት በዓለም አቀፍ መጠይቅ ተጠይቀዋል፤ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለማግኘት። ከተገኙት ውስጥ የሚበዙት ዘመናዊ ሕክምና አይተው አያውቁም ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን በመጠይቁ ብቻ አልቆሙም፤ የመንደሩን ነገር የሚያውቁ ጠቋሚዎችንም ጠየቁ። ጠቋሚዎቹ መጠይቁ የዘለላቸውን ሰዎች አገኙ። በሚገባ የተተረጎመ፣ በሚገባ የተፈተሸ መጠይቅ ያላየውን ጎረቤት ያውቀዋል። መጠይቁ ከንቱ ነበር እያልኩ አይደለም፤ ጎረቤቱም የሚያልፈው ሰው አለ። ሁለቱ የሚያዩት የተለያየ ነገር ነው።

ጎረቤትን ከፍ ከፍ እንዳላደርግ ደግሞ እጠነቀቃለሁ። እኛ አገር ሰው ሲታመም ወዳጃ ይጠራል፤ ቡና ይፈላል፣ ጫቱ ይቀርባል፣ ዱአ ይደረጋል። ታማሚው መሀል ተቀምጦ እያንዳንዱ ሰው ስሙን ጠርቶ "አብሽር" ይለዋል። በኩዊስ ቢለካ ከየትኛውም ሆስፒታል ይበልጥ ነበር። ያው መንደር ደግሞ የሚጮኽ ሰው ሲያስቸግረው በሰንሰለት ያስራል። አይቻለሁ። አጎቴ ሆስፒታል ባይሄድ ኖሮ "አብሽር" ብቻውን የት ያደርሰው እንደነበር መገመት አልፈልግም። ስለዚህ "የእኛ ባህል ደግ ነው፣ ሆስፒታሉ ቀዝቃዛ ነው" የሚለውን ዘፈን አልዘፍንም። ሆስፒታሉ ሰንሰለቱን ፈቶ ሰውየውን ሦስተኛ ወገን ካደረገው፣ አንዱን ችግር ፈቶ ሌላውን ማንም በማያየው ቦታ አስቀምጦታል ነው የምለው።

ሌላው ያሳሰበኝ ዳሽቦርዱ ነው። በመስኬ ያየሁት ነገር አለ፤ አንድ የሠራሁበት ድርጅት የተዘጉ ቲኬቶችን ቁጥር በየሳምንቱ ስክሪን ላይ መለጠፍ ጀመረ። በወሩ አንድ ባግ አምስት ቲኬት ሆኖ መከፈት ጀመረ። ቁጥሩ አደገ፣ ሶፍትዌሩ እዚያው ነበር። ኢኮኖሚስቱ ቻርልስ ጉድሃርት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ያለው ነገር ነው፤ መለኪያ ዒላማ ሲደረግ መለኪያነቱን ያጣል ተብሎ ዛሬ በየቦታው ይጠቀሳል። "አዎንታዊ ማኅበራዊ" በነርስ ስም ቢደመር ምን እንደሚሆን መገመት ከባድ አይደለም። ነርሷ በየአልጋው ቆማ "እንዴት አደሩ፣ ቤተሰብ ደህና?" ትላለች፣ ዓይኗ ታብሌት የያዘው ሰውዬ ላይ። ታካሚዎች ይሄን ለመለየት ካፓ አያስፈልጋቸውም።

ነርሷን ራሷንም እናስብ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ሆስፒታሉ ተዘርፏል፤ የተመለሱት ሠራተኞች ባዶ ክፍል ነው ያገኙት። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የጤና ባለሙያዎች ደሞዛችን አያኖረንም ብለው ሥራ እስከማቆም ደርሰዋል። ቤት ኪራይ ያልከፈለን ሰው ፈገግታ ጥግ ተቀምጦ መቁጠር ምን ዓይነት ሥራ ነው? ጓደኛዬ ይሄን ስላት አልወደደችውም። "እኔም ነርስ ነኝ፣ እኔም ደሞዜን አውቀዋለሁ" አለችኝ። "አሥራ ሁለት ሰዓት ቆሜ ስውል ሰው ማናገር የመጀመሪያው የምተወው ነገር ነው። የምተወው ስለማይታይ ነው። ኪኒን ብተው ይታያል። ለዚህ ነው እንዲታይ የምፈልገው።" መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ክፉ ሰው ለመያዝ የተሠራ መለኪያና የደከመ ሰው ምን እንደተወ የሚያሳይ መለኪያ ስክሪን ላይ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሚለያዩት ግራፉን ማን ይከፍተዋል በሚለው ነው።

ስለዚህ አፑ ላይ ያደረግነው ይሄ ነው። የሠራተኛ ስምም መለያ ቁጥርም አይመዘገብም፤ ዳታቤዙ ውስጥ ቦታው ራሱ የለም፣ ነገ አንድ ኃላፊ ቢጠይቅ እንኳ የሚሰጠው ነገር እንዳይኖር። ግራፉ የክፍል እንጂ የሰው አይደለም። "ተናጋሪው ማን ነው?" የሚለው ዝርዝር ውስጥ ጠራጊ፣ ጥበቃ እና ምግብ አከፋፋይ ገብተዋል። ከአምስቱ ምልክቶች በፊት አዲስ ጥያቄ ይመጣል፦ ለማን ተነገረ? ለታካሚው፣ ለአስታማሚው፣ ለሁለቱም፣ ለሌላ ሠራተኛ። ታዛቢው የሚያየው ዓይን ወዴት እንደዞረ ብቻ ነው። ጥሩ ነው መጥፎ ነው አይልም። መጠኑ የተቀየረ መድኃኒት ለአስታማሚው ማስረዳት ትክክል ነው፣ መደረግም አለበት። ግን አንድ ሰው ሙሉ ቀን ነቅቶ ውሎ አንድም ዓረፍተ ነገር ወደ እሱ ካልመጣ፣ ያ በቁጥር መታየት ይችላል፤ ዜሮ ላይ ሁለት ታዛቢዎች አይጣሉም። ደግነትን የሚለካ ነገር አልሠራንም። መጥራቱ መኖሩንና አለመኖሩን ነው የምንቆጥረው። ለጊዜው ከዚህ በላይ ሐቀኛ የሆነ ነገር አላገኘሁም።

የጓደኛዬ አማካሪ አልተስማሙም። መለኪያውን ከነካችሁት ኩዊስ መሆኑ ይቀራል፣ ከሌላ አገር ጥናት ጋር ማነጻጸር አትችሉም አሉ። ልክ ናቸው። የኢትዮጵያን ክፍል ከእንግሊዝ ክፍል ጋር ማነጻጸር ጥቅም የለውም አልልም፤ ወረቀቱ የሚታተመውም በዚያ ነው። በመጨረሻ አምስቱ ምልክቶች እንዳሉ ቀርተው "ለማን ተነገረ?" አባሪ ሆነ።

ልምምዱ በሚቀጥለው ወር ይጀምራል። ታዛቢዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዷ ነርስ ናት፣ ሌላዋ ከዓመታት በፊት እዚያው ክፍል ተኝታ የታከመች ሴት። ሁለቱም ሥልጠናውን ጨርሰዋል፤ ካፓቸው ከጠበቅነው ይሻላል፣ የማይስማሙበትን ደግሞ በማስታወሻ ደብተር ለየብቻ እንዲጽፉ ነግረናቸዋል። የሁለተኛዋ ደብተር ቀድሞ ሞልቷል። የቀረው ክፍያዋ ነው፦ ዩኒቨርሲቲው ከ"መረጃ ሰብሳቢ" መደብ ይክፈላት ወይስ ከ"ጥናቱ ተሳታፊ" በሚለው ላይ እየተጻጻፉ ነው። ደብዳቤዎቹ የሚላኩት ለጓደኛዬ ነው፤ ለሴትየዋ እስካሁን የጻፈላት የለም።